ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ቦዩን ለዩ

ይድረስ፦ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በገላን ለምትገኙ ደንበኞቻችን
ጉዳዩ፦ የፋብሪካ ፍሳሽን አክሞ መልሶ ስለ መጠቀም

አብዛኞቻችሁ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «አርኦ ማሽን ስንት ነው?» ብላችሁ ነው፤ ውሃን በሜምብሬን፣ ማለትም በጣም ረቂቅ በሆነ ወንፊት፣ እየገፋ ጨው የሚያስቀረውን ማሽን ማለታችሁ ነው። የምንልክላችሁ ፕሮፎርማ ግን የሚጀምረው በወለል ቦይ፣ በሁለት ሦስት ሮቶና በፓምፕ ነው። አንዳንዶቻችሁም ማሽኑን ትተን ሲሚንቶና ቱቦ የምንሸጥ መስሏችኋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ምክንያታችንን ለማስረዳት ነው።

ከቃሊቲና ከአቃቂ ግቢዎች የሚወጣው ፍሳሽ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም አዋሽ ወንዝ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ይለማበታል። የከተማው መጠጥ ውሃ አንዱ ክፍል የሚቀዳውም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። በዓለም ደረጃ ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ውሃ አምስት እጅ አንዱን ያህል የሚወስደው ኢንዱስትሪ ስለሆነ፣ ፋብሪካ መልሶ የሚጠቀምበት እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ለሌላው የሚተርፍ ነው። ቴክኒኩም አዲስ አይደለም። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ አክማ ለመጠጥ ትመልሳለች። ይህን የቻለችው ግን የፋብሪካውን ፍሳሽ ለብቻው በሌላ መስመር እየወሰደች ነው። የኛም ነገር እዚያው ላይ ነው።

የጂንስ ማጠቢያ ቤትን እንይ። ጨርቁን ያደረቀው ስታርች የሚለቅበት የመጀመሪያው ውሃ እንደ አጥሚት ወፍራም ነው። ጂንሱ ከድንጋይ ጋር የሚሽከረከርበት ውሃ አሸዋና ሰማያዊ ቀለም ይዟል። የበረኪናው ውሃ ክሎሪን አለበት። ቀጥለው የሚመጡት ማለቅለቂያዎች በመጠን ይበዛሉ፣ በቆሻሻ ግን ያንሳሉ። ሁሉም አንድ ጉድጓድ ሲገቡ ክሎሪኑ ስታርቹን ሊበላልን የሚገባውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ አሸዋው የፓምፑን ኢምፔለር (ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ) ይፍቃል፣ ንጹሑ ውሃም ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጠፋል። ከማሽኑ መውጫ ላይ ባለ ሁለት መንገድ ቫልቭ ብትገጥሙ ግን የመጨረሻው ማለቅለቂያ በክር መያዣ ወንፊት ብቻ አልፎ ሮቶ ውስጥ ይጠራቀምና ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። ኬሚካል የለውም፣ ሜምብሬንም የለውም።

ቆዳ ፋብሪካ ላይ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ጸጉር የሚያራግፈው የኖራና የሶዲየም ሰልፋይድ ውሃ ቆዳው ከሚለፋበት አሲዳማ የክሮም ውሃ ጋር በአንድ ጉድጓድ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። ሲጀምር እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሚቀረው ያኔ ነው፣ ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛውም እንዲሁ። የክሮሙን ውሃ ለብቻው ይዛችሁ ኖራ ጨምራችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ8 እስከ 8.5 ስታደርሱት ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። «ለማረጋገጥ» እያሉ ኖራ መጨመር ግን ጉዳት አለው፦ ፒኤቹ ከ10 በላይ ሲሆን የወረደው ክሮም ተመልሶ መሟሟት ይጀምራል።

የወተት ማቀነባበሪያ ያላችሁ፣ አጓቱን ቦይ ውስጥ አትድፉ። ሁለት ሊትር አጓት የአንድ ሰው የሙሉ ቀን ፍሳሽ ያህል ሸክም አለው። ለከብት አርቢ ስጡት፤ ማከሚያችሁ በአንድ ጊዜ ይቀላል።

ፍሳሹ ከተለየ በኋላ ኬሚካል ይመጣል፤ ለምሳሌ አሉም፣ ድፍርሱን አሰባስቦ የሚያወርደው። «ለአንድ ሮቶ ስንት ኪሎ አሉም?» ለሚለው ጥያቄ ቋሚ መልስ የለንም፤ ፍሳሹ በየቀኑ ይለያያል። ሙከራውን ግን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 10 ግራም አሉም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሙ፤ ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር አንድ ሊትር ፍሳሽ ላይ ሲጨመር 10 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። አፋቸው የተቆረጠ አምስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ላይ ፍሳሹን እኩል ሙሉና በሲሪንጅ 5፣ 10፣ 15፣ 20 እና 30 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በቀስታ አማስሉ፣ 30 ደቂቃ ተዉት። ከላይ የጠራውን ትንሹን መጠን ያዙ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀስታው ላይ ነው፦ ሠራተኛው ቸኩሎ ሲያማስል የተሰባሰበው ፍርፋሪ ተመልሶ ይደቅቃል። ሁሉም ደፍርሶ ከቀረ ፒኤቹን ለኩ። 100 ሚሊግራም አሉም 50 ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) ይበላል፤ ፒኤች ከ6 በታች ከወረደ አሉም አይሠራም፣ ጥቂት ኖራ ይፈልጋል። የጂንስ ሰማያዊ በዚህ መንገድ ጥሩ ይወርዳል። ለጥጥ የሚውለው ሪአክቲቭ ቀለም ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ አሉም ብቻውን አይበቃውም።

ቆሻሻውን ለሚበሉት ባክቴሪያዎች ገንዳው ውስጥ አየር ስለሚነፋው ብሎወር አንድ ነገር እንጨምር፣ ካታሎግ ላይ የማይጻፍ ስለሆነ። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 7 ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ጠረፍ ተሰልቶ የመጣ ብሎወር እዚህ ያንሳል። ገንዳው ውስጥ ኦክስጅኑ በሊትር 2 ሚሊግራም የማይሞላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ከቢሮ በፊት ብሎወሩን ያስነሳ። ለሰዓታት አየር ካጣ ባክቴሪያዎቹ ያሉበት ዝቃጭ ይጠቁራል፤ መብራት ሲመለስም ፍሳሽ ከማስገባታችሁ በፊት አየሩን ብቻ አንድ ሁለት ሰዓት ልቀቁ።

አርኦው የት ይገባል ለምትሉ፣ ጨው ላይ ነው። ውሃ በተመላለሰ ቁጥር ጨው ይከማቻል። የምታስገቡት ውሃ በሊትር 400 ሚሊግራም ጨው ኖሮት ሥራችሁ 600 ቢጨምርበት፣ አንዴ አልፎ ሲወጣ 1,000 ነው። ግማሹን ስትመልሱ ውሎ አድሮ 1,600፣ ከአሥሩ ስምንት እጁን ስትመልሱ 3,400 ይደርሳል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ግማሹን መልሳችሁ ያለ አርኦ መሥራት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ካላችሁ ማሽኑ ያስፈልጋል፤ ከማሽኑ የሚቀረውን ወፍራም ጨዋማ ውሃ የት እንደምታደርጉት ግን ከግዢው በፊት ወስኑ። በጉድጓድ ውሃ ማቅጠን መፍትሔ አይደለም፤ ሸክሙ ያው ነው፣ ውሃው ብቻ ይባክናል።

የተመለሰው ውሃ ሮቶ ላይ የከተማውን ውሃ በጎማ ነክራችሁ አትሙሉ። ፈረቃው ደርሶ መስመሩ ሲጠፋ ቱቦው ወደ ኋላ ይስባል፣ ፍሳሻችሁም ወደ ሰፈሩ መስመር ይገባል። የቱቦው አፍ ከሮቶው ውሃ በላይ፣ ቢያንስ የዲያሜትሩን እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ዝቃጭ ማድረቂያችሁ ክዳን ከሌለው እስከ ግንቦት መጨረሻ ባዶ አድርጉት፤ ክረምቱን አይደርቅም።

ለጉብኝት ከመምጣታችን በፊት የአንድ ሳምንት የቆጣሪ ንባብ ጠዋትና ማታ መዝግቡ። የኬሚካል ጆንያዎቹን ጽሑፍ በስልክ አንሱልን። ሳምፕሉን ከየማሽኑ መውጫ፣ በተለያየ ጠርሙስ፣ በዕለቱ ቅዱ። ከመጨረሻው ጉድጓድ በተቀዳ አንድ ጀሪካን ዋጋ መስጠት አንችልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል