ለሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን የመታሰቢያ ሰሌዳ በሃዋርድ ደጃፍ ይቁም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በዋሽንግተን ዲሲ የዩ ስትሪትንና የአዳምስ ሞርጋንን ሰፈር በእግሩ የተዘዋወረ ሰው፣ የአካባቢውን ታሪክ በፎቶግራፍና በአጭር ጽሑፍ የሚተርኩ ሰሌዳዎች በየመንገዱ ጥግ ቆመው ሳያይ አይቀርም። የከተማው አስተዳደርና የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመካክረው ለሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እንዲህ ያለ ሰሌዳ እንዲያቆሙ፣ የእኛም ማኅበረሰብ ጥያቄውን በይፋ እንዲያቀርብ ለማሳሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው በክብር ዘበኛ በኮሎኔልነት ያገለገሉ የአርመን ተወላጅ ነበሩ። በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ከሄዱ በኋላ ፓሪስ ተሻግረው የኖሩ ሲሆን፣ በ1966 ተመልሰው በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ይህ በየመጽሐፉ የተጻፈ ስለሆነ በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ሰፊው ቦታ ሊሰጥ የሚገባው፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 በሃዋርድ ላስተማሩበት ዘመን ነው። ሠዓሊዎቹ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍና ከበደች ተክለአብ በዚያ ከእሳቸው ዘንድ የተማሩ ናቸው። ከከበደች ጋር ሆነው በ2001 ያጠናቀቁት «ኔክሰስ» የተሰኘው የአሉሚኒየም ቅርጽ ዛሬም በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ የልዩ ልዩ እምነቶቻችን ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የቤት ዕቃዎች ጎን ለጎን የገቡበት ሥራ ነው። ለጉዳይ ወደ ኤምባሲው ከሚመላለሰው ወገን ስንቱ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ጠይቆ እንደሚያውቅ እንጃ።

ሰሌዳው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በዘጠነኛውና በዩ ስትሪት መገናኛ ቢቆም ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ሐሳቡ ክፉ ባይሆንም እኔ አልስማማበትም፤ ሠዓሊው የሚታወሱት ለፍተው በሠሩበትና ተማሪ ባፈሩበት ቦታ መሆን አለበት፤ እሱም የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ያለበት ስድስተኛ ጎዳና ነው። በዚያ ደጃፍ ቢቆም ሥዕል ለመማር ወደ ኮሌጁ የሚገባ ወጣት ሁሉ በየዕለቱ ያነበዋል።

ስለ ይዘቱም ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ በሰሌዳው ላይ ከሚወጣው ምስል አንዱ የሠዓሊው የፊት ፎቶግራፍ ቢሆን እንኳ፣ ሌላው በዛፍ ልጥ ላይ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ይሁን። ሸራውን ትተው ሻካራውን ቡናማ ልጥ መምረጣቸው፣ በብራና ክታብና በጠልሰም ላይ ከምናውቃቸው አፍጥጠው ከሚያዩ ዓይኖች ጋር የነበራቸውን ዝምድና ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ቶሎ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይቀር ነው። በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን በአማርኛም ስለሚያዘጋጁ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ጥቂት የአማርኛ መስመሮች መጨመር ለአስተዳደሩ እንግዳ ነገር አይሆንም።

እስክንድር በዚሁ ከተማ በ2003 ዐርፈዋል። አብረዋቸው ያስተማሩና ከእሳቸው የተማሩ ብዙ ሰዎች ግን በአካባቢያችን ስላሉ፣ ጽሑፉ ከመጽደቁ በፊት እነሱ አንብበው እንዲያርሙት ይደረግ ዘንድ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ