ይድረስ ለተከራካሪው ወዳጄ

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ዝም ያለው ማነው የሚለውን አናንሳው፤ አንተ በክርክር አትረታም፣ እኔም ብረታህ ደስ አይለኝም። ሥራ ነው፣ ኑሮ ነው እያልኩ ሰበብ ከምደረድርልህ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየኋቸውን ፊልሞች ላውራህ። አንተን ባጣ ከነሱ ጋር ስጣላ ከረምኩ።

«ፊልም ማለት ምስል ነው፤ ድምፅ አጃቢ ነው» ትለኝ እንደነበር አትክድም። ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ የምመልስልህ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ፊልሞች ውስጥ ከልቤ ያልወጡት ዋናውን ነገር ለጆሮ የሰጡት ናቸው። ካበሳጩኝም ብዙዎቹ ያበሳጩኝ በጆሮ በኩል ነው።

«ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት»ን ካላየኸው ደብዳቤውን አስቀምጥና እሱን እይ። ጆናታን ግሌዘር የሚያሳየን አውሽዊትዝ የተባለውን የናዚዎች የሞት ካምፕ ይመራ የነበረውን የሩዶልፍ ሆስን ቤተሰብ ነው። ግቢያቸውን ከካምፑ የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነው። ግድያውን አንድም ጊዜ አታየውም። ልጆቹ ይዋኛሉ፣ እናትየዋ አበባዋን ትንከባከባለች፣ እንግዳ ይስተናገዳል። ከግንቡ ወዲያ ግን ተኩስ፣ ጩኸት፣ የውሻ ጩኸት፣ የማያባራ የምድጃ ጉርምርምታ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ብዙ ካሜራ ተደብቆ በአንድ ጊዜ ስለሚቀርጽ ተዋንያኑ ራስጌያቸው የቆመ ሠራተኛ የለም፤ እንደ ልባቸው ወጥተው ይገባሉ። ሚስቲቱን የምትጫወተው ሳንድራ ሁለር ከእስረኞች የተነጠቀ የጸጉር ካፖርት ለብሳ መስታወት ፊት ትቆማለች፤ ኪሱ ውስጥ ሊፕስቲክ ታገኛለች፤ ከንፈሯን ትቀባለች። ሙዚቃ የለም፣ ማንም ምንም አይላትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የግንቡን ማዶ ድምፅ ጆሮህ ይለምደዋል። የፊልሙ ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ አንተም ከቤቱ ሰዎች እንደ አንዱ ትሆናለህ። ሊጠይቁ የመጡት የሚስቲቱ እናት ግን መልመድ አቃታቸውና በሌሊት ሳይሰናበቱ ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የድምፁን ኦስካር ከ«ኦፐንሃይመር» ፊት ነጥቆ የወሰደው ይኸው ፊልም ነው። የ«ኦፐንሃይመር» ዳይሬክተር ኖላንም ቢሆን ፊልሙ በዚያ ምሽት 7 ሽልማት ስለወሰደለት አላዘንኩለትም። ያንን የአቶሚክ ቦምቡን ሠሪ ፊልም እወደዋለሁ፣ እወቅሰዋለሁም። የምወቅሰው ሙዚቃው አላባራ ስላለ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ሉድቪግ ጎራንሰን ጎበዝ ነው፤ ግን ሁለት ሰዎች ቆመው ስለ ፋይል ሲያወሩ ቫዮሊኑ ዓለም ልትጠፋ ነው እያለ ይጮሃል። የኦፐንሃይመር ባላንጣ የስትራውስ ሹመት በሴኔት ሲታይማ ይባስ ብሎት አረፈው። የምወደው ደግሞ የቦምቡን ሙከራ ንጋት ነው። ብርሃኑ ይቀድማል፣ ድምፁ ይዘገያል። ተፈጥሮም እንዲሁ ናት፤ ከሩቅ ለቆመ ሰው ፍንዳታ መጀመሪያ ዝም ያለ ነገር ነው። ሌላው ፊልም ሁሉ እሳቱን ከነጩኸቱ ሲያጎርስህ፣ እዚህ ትንፋሽ ብቻ እየሰማህ ትጠብቃለህ። ሂሮሺማ ከተመታች በኋላ ደግሞ ኦፐንሃይመር አዳራሽ ውስጥ ሲናገር ሕዝቡ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። ያ ድብደባ ቀደም ሲል ምን እንደሆነ ሳናውቀው ጆሯችን ገብቶ ነበር! ደስታው ድንገት ይጠፋና አንድ ጩኸት ብቻ ይቀራል። ሂሮሺማን አላሳየም ብለው የወቀሱት ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። በሦስት ሰዓት ፊልም ውስጥ አንድ የተመታ ሰው በስሙ አይጠራም። እኔ ግን ከዚያ ጩኸት በላይ ቢያሳየኝ ኖሮ ሰውየውን ትቼ እሳቱን የማደንቅ ይመስለኛል።

በዳይሬክተሩ በስኮርሴዚ ላይ ግን እጄን አልሰበስብም። «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው፤ ርዝመቱ ቅር አላሰኘኝም። ቅር ያሰኘኝ ደቂቃዎቹ የተሰጡት ለማን እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ ነዳጅ የወጣላቸውን የኦሴጅ ሰዎች (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው) ለሀብታቸው ሲሉ አግብተው የሚገድሉ ነጮች ታሪክ ነው። ሊሊ ግላድስቶን ነጭ ያገባችውን የኦሴጅ ሴት ሞሊን ሆና ስትጫወት አንድ ቃል ሳትናገር ባሏን ስታየው ሁሉንም ታውቂያለሽ ልትላት ትፈልጋለህ። ከመሃል በኋላ ግን በመርዝ ታማ አልጋ ላይ ትውላለች፤ እኛ ባሏን ከሚጫወተው ከዲካፕሪዮ ጋር የሌባ ምክር ስንሰማ እናመሻለን። ለፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪ የነበረው ሰው ራሱ ታሪኩ ከሞሊ ወገን ቢነገር እመርጥ ነበር ማለቱን አስታውስ። መጨረሻው ነው የካሰው። ታሪኩ ድንገት የሬዲዮ ድራማ ይሆንና፣ ድምፅ ፈጣሪዎቹ መድረክ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ሞት በዕቃ ጋጋታ ሲያሰሙ ታያለህ። ከዚያ ስኮርሴዚ ራሱ ይወጣል፤ የሞሊን የሞት ማስታወቂያ ያነብባል፤ ማስታወቂያው ስለ ግድያዎቹ ምንም እንዳላነሳ ይነግረናል። ያ ሽማግሌ እኔም ሰዎቹን መዝናኛ አደረግኳቸው ያለ መሰለኝ። የሦስት ሰዓት ተኩሉን ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ማንሣት ይቻል ከነበረ ለምን ቀድሞ አላነሣውም?

«ዘ ብሩታሊስት»ን ካላየኸው ይህን አንቀጽ ዝለለው። አሜሪካ የገባ የሀንጋሪ አርክቴክትና የሀብታም አሠሪው ታሪክ ነው። 215 ደቂቃ ነው፣ 15ቱ እረፍት። (እረፍቱን ወደድኩት፤ ሌሎቹም ቢማሩት።) የመጀመሪያው ክፍል ላይ ካሜራው ከመርከብ ጨለማ ወጥቶ የነጻነት ሐውልትን ተዘቅዝቃ ሲያሳየን፣ ይህ ፊልም ዕድሜ ልኬን አይለቀኝም አልኩ። ሁለተኛው ክፍል ግን በፍንጭ የተነገረንን ሁሉ በአፍ ይደግመዋል። ሀብታሙ አርክቴክቱን እንደሚበላው በንግግሩ፣ በሳቁ፣ በሚወረውራት ሳንቲም ገብቶን ነበር፤ እብነ በረድ የሚፈለጥበት ተራራ ላይ የሚሆነው ነገር ለጅል ተመልካች የተጨመረ ነው። መዝጊያው ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ ከጦርነቱ ወዲህ አንደበቷ የተዘጋው የአርክቴክቱ የእህት ልጅ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ሕንጻው ምን ማለት እንደሆነ ትተነትንልናለች። ዳይሬክተሩ በሷ እየቀለደ ነው፣ አጎቷን አሁንም ሌላ ሰው እየተናገረለት ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔን ግን የሚያጓጓኝ ዝምታዋ ነበር። ስለ ድምፅ ካነሣን፣ የተዋንያኑ የሀንጋሪኛ አነጋገር በኤ አይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) መታረሙን የፊልሙ ኤዲተር ሲናገር ሰው ሁሉ ተንጫጫ። እኔን ብዙ አልገረመኝም። አርክቴክቱን የተጫወተውን አድሪያን ብሮዲን ያሸለመው አናባቢው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የድምፅ ኦስካር ለ«ዱን» ሁለተኛ ክፍል ሄደ። አከብረዋለሁ፤ ደረትህን ይመታል፤ ጆሮህን ግን ሥራ አይሰጠውም። በዚያው ዓመት የላትቪያው «ፍሎው» ብሌንደር በተባለ በነጻ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሠርቶ የአኒሜሽኑን ሽልማት ወሰደ። አንድ ቃል ንግግር የለውም። ድመቷ እንደ ድመት፣ ውሻው እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው። ካፒባራው (ትልቁ የአይጥ ዘመድ) ግን የራሱ ድምፅ ስለማይመች የግመል ግልገል ድምፅ ተሰጥቶታል፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ።

«ሲነርስ»ን ካነሣሁ እንደማላቆም ታውቃለህ። እ.ኤ.አ. 1932 ሚሲሲፒ ነው፤ ወጣቱ ሳሚ ጭፈራ ቤት ውስጥ ብሉዝ ይዘፍናል። እየዘፈነ ሳለ ያለፉትም ያልተወለዱትም ይመጣሉ፦ ከበሮ መቺ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ያነገበ፣ ዲጄ። ቢነገር የሚያስቅ ሐሳብ ነው፤ ስታየው ግን ትነሣለህ። ዳይሬክተሩን ራያን ኩግለርን የበለጠ ያስከበረኝ ደም መጣጩ ቫምፓየርም ሙዚቃ እንዲኖረው ማድረጉ ነው። ቫምፓየሩም የአየርላንድ ሰው ነው፤ አገሩን የተቀማ ነው፤ የሚዘፍነው እውነተኛ ዘፈን ነው። በር ላይ ቆሞ አስገቡኝ ሲል እኔ ላስገባው ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተኩስና ደም ግን ከሌላ ፊልም የተዋሰው ይመስላል።

አሁን ወደ ጸባችን። «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ላይ ሚስት ባሏን ገደለች ተብላ ትከሰሳለች፤ ባልየው በድብቅ የቀዳው የጸብ ድምፅ ችሎት ፊት ይከፈታል። ዳይሬክተሯ ጀስቲን ትሪዬ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ታሳየናለች፤ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይሰዳደባሉ። ልክ መማታት ሲጀምሩ ምስሉን ቆርጣ ወደ ችሎቱ ትመልሰናለች። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የተመታ አካል ይሰማል፤ ማን ማንን እንደመታ ግን የለም። ዳኞቹ የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ብቻ ነው። ምስል ብቻ ነው የምትለው ሰውዬ፣ ይህን ትዕይንት ድምፁን ዘግተህ እየውና ፍረድ።

እኔ አልገደለችውም ባይ ነኝ። አንተ ገደለችው እንደምትል ከወዲሁ አውቃለሁ። መልስህን በጽሑፍ ላክልኝ፤ በስልክ አልቀበልም። በስልክ ስትጮህ ያሸነፍክ ይመስልሃል።

ወዳጅህ