ስለ ቢላዋዎቻችን ዋጋና ስለ አዲሱ ዘይት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ካለፈው ወር ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። የአንድ ቢላዋ ዋጋ 150 ብር ጨምሯል፤ በማግስቱ ይደርስ የነበረው ትእዛዝ ሳምንት ያስጠብቃል፤ ቢላዋውም እንደ ቀድሞው ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በበዓል ሰሞን ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ብረቱን ለውጠው በድሮ ስማቸው ሊነግዱብን ነው» የተባለው ግን አንጀቴ ድረስ ዘልቆ ተሰምቶኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ብረቱ ያው ነው። የአጥንት መምቻው ከመኪና ባሌስትራ፣ የቁርጥ ቢላዋው ደግሞ አንድ በመቶ ገደማ ካርቦን ካለው ስስ ብረት ይሠራል። የተለወጠው የጋለውን ብረት ለማጠንከር የምንነክርበት ዘይት ነው።

አባቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ይህን ቤት ሲከፍት የሚነክረው ከሶማሌ ተራ ጋራዦች በሚያገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። ሌላውም ባለሙያ የሚሠራው በዚያው ነው፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። እኔም ሙያውን የለመድኩት በዚያ ጭስ ውስጥ ነው። የምትወዱት ጥቁር ቀለም የዚያ ዘይት ጥቀርሻ እንጂ የብረቱ ጥራት ምልክት አልነበረም። ዘይቱ ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝና ልዩ ልዩ ኬሚካል ተሸክሞ ይመጣል፤ የጋለ ብረት ሲገባበት ጭሱን የሚተነፍሱት ልጆቼ የምላቸው ሠራተኞቼ ናቸው። ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ቢላዋ ከእንግዲህ ከዚያ በርሜል አይወጣም።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የስለቱ ጉዳይ ነው። የቁርጥ ቢላዋው ብረት እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከጋለ በኋላ ለመጠንከር ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በታች ካልወረደ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን የሚወስደው ቀስ ብሎ ነው፤ የአንዱ ጋራዥ ዘይትም ከሌላው አይመሳሰልም።

ውሃስ? ውሃ ከልክ በላይ ይፈጥናል። ስስ ስለት ሲገባበት አንዳንዴ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ቢላዋው ተሰንጥቋል፣ ልፋቱም ከንቱ ሆኗል። «የምግብ ዘይት አይሆንም ወይ?» ላላችሁኝ፣ ሞቅ ሲል ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን የኑግ ዘይት ደጋግሞ ሲግል እየወፈረ ይሄዳል፣ ይጣበቃል፣ ይገማል። የምግብ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በርሜል ሙሉ ማበላሸት ደግሞ ነውር ነው።

አሁን የምንጠቀምበት ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከውጭ የሚገባ ዘይት ነው። ፍጥነቱ የሚለካው የጋለ የኒኬል ኳስ ነክረው እስከ ተወሰነ ሙቀት ድረስ እስኪቀዘቅዝ የሚፈጀውን ሰከንድ በመቁጠር ነው። ለቁርጥ ቢላዋው ከ10 ሰከንድ በታች የሆነውን ፈጣኑን መረጥን። ባሌስትራ ግን ያን ያህል ጥድፊያ አይፈልግም፤ ሲቸኩሉበት ይጣመማል፤ ስለዚህ ለእሱ 11 ሰከንድ ገደማ የሆነውን ወሰድን። ሁለት ዘይት ሁለት ወጪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 60 ብር የማይሞላው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የሳምንቱ ጥበቃም ከዚሁ የመጣ ነው። ለባሌስትራው የሚሆነው ዘይት አስቀድሞ 50 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ የተነከረው ቢላዋ ሁሉ ደግሞ እንዳይሰበር 200 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ይቆያል። ለአንድ ሁለት ቢላዋ ይህን ሁሉ ማቀጣጠል ስለማያዋጣ የምንነክረው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

እባካችሁ መጥታችሁ እዩት። ከዘይቱ የወጣውን ስለት በሞረድ ስንሞክረው ሞረዱ አይነክሰውም፣ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ብዙዎቻችሁ የአባቴ ደንበኞች ልጆች ናችሁ። ፒያሳ ሲፈርስ ሥጋ ቤታችሁን ይዛችሁ ርቃችሁ የሄዳችሁት እንኳ ቢላዋ ፍለጋ ወደዚህ ትመለሳላችሁ፤ ይህን መቼም አልረሳውም። ርካሽ ፍለጋ ወደ ሌላ መሄድ መብታችሁ ነው፤ ብቻ አዲሱን ሳትሞክሩት አትሂዱብን።

ዋጋው ሳይጨምር ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ። ስለቱ የተጣጠፈ ወይም የተሸረፈ ቢላዋ ያላችሁም እስከ ረቡዕ ማታ አምጡልን፤ ሐሙስ ያለ ክፍያ እንደገና እንነክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢላዋ ቤቱ ባለቤት