አዋቂውስ?

ለአዘጋጁ፦

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ነው። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እና ዩኔስኮ በ1994 ያወጡትና በ2022 ያሻሻሉት መግለጫ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግን አገልግሎቱ ዕድሜ ሳይለይ ለሁሉም ነው ይላል።

ቤተ መጻሕፍት ለአዋቂዎች የሚያዘጋጁት የመጽሐፍ ውይይትም የኮምፒውተር ትምህርትም ጥሩ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለተጠራ ውይይት ሠራተኛ እንዴት ብሎ ይመጣል? ከዚያ «ሰው የለም» ተብሎ ፕሮግራሙ ይታጠፋል። ያናድዳል! ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ይሁን። ጎን ለጎን ለልጆች ተረት ቢነበብላቸው ወላጆችም ሳይሳቀቁ ይቀመጣሉ። ማስታወቂያውም እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ብቻ አይለጠፍ፤ መጠራት ያለበት እኮ ገና ያልመጣው ሰው ነው።

አንድ አንባቢ