የታሪክ ክበብ፦ ዓመቱን ከባሕር መኮንኖች ጋር

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን የብሪታንያን ባሕር ኃይልና የማሪን ጦር (ከመርከብ እየወረደ የሚዋጋው የባሕር ኃይሉ ወታደር) ከፍተኛ መኮንኖች የአገልግሎት ታሪክ ሲመረምር ከረመ።

ልጆቹን መጀመሪያ የሳባቸው የዕድሜ ነገር ነው። ሆራሺዮ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1771 ባሕር ኃይል ሲገባ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ20 ዓመቱ ካፒቴን ሆነ። በዚያ ዘመን ከካፒቴንነት ወደ አድሚራልነት የሚኬደው ግን በተራ ነበር። ጀግንነት ተራ አያስዘልልም ነበር። ሰላም ሲወርድ ደግሞ መርከብ ያጣ መኮንን በግማሽ ደሞዝ አገሩ ይቀመጥ ነበር። ኔልሰንም አምስት ዓመት ያህል ኖርፎክ ውስጥ መርከብ ስጡኝ እያለ ሲማጸን ኖሮ፣ በ1793 ጦርነት ሲመጣ ባለ 64 መድፏ አጋሜምኖን ተሰጠችው። ሰው ሁሉ ኔልሰን ድል አድርጎ የሞተበትን የትራፋልጋርን የባሕር ውጊያ ያወራል፤ እኔ ይበልጥ ያስተምራል ብዬ ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠበት ዘመን ነው። ጓደኛው ኮሊንግዉድ በተቃራኒው ከትራፋልጋር በኋላ አሰናብቱኝ ቢልም ሳይለቁት ቀርተው፣ ቤቱን ዳግመኛ ሳያይ በ1810 ባሕር ላይ ሞተ። «እንዴት እምቢ ይሉታል?» ብላ የጠየቀች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ክርክሩን እስከ ደወል ድረስ አቆየችው።

ማሪኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1664 ጀምሮ ቢኖሩም፣ ከመካከላቸው የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ሰው ጀነራል ጉዊን ጄንኪንስ ናቸው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ከሁሉም የከበደን መቅደላ ነው። ኮማንደር ፌሎውስ የሚመራው የባሕር ኃይል ጓድ ሮኬቱን በበቅሎ ጭኖ ከዙላ ጠረፍ መቅደላ አጠገብ እስካለው እሮጌ ዘልቋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ሮኬቱ ሲተኮስ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያው ውጊያ ወደቁ። ፌሎውስ በኋላ ከአድሚራሎቹ ማዕረግ ደርሷል። ልጆቹ የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ጎን ለጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው በወላጆች ቀን አቀረቡ፤ ብዙ አባቶችና እናቶች ከዚያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲወያዩ በማየቴ እጅግ ደስ ብሎኛል።

በመጪው ዓመት ወደ ራሳችን የቀድሞ ባሕር ኃይል እንሻገራለን። ምጽዋ ያገለገለ አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ተማሪዎች ለክበቡ ንገሩን፤ ቤታቸው ድረስ ሄደን እናነጋግራቸዋለን።