ከግድግዳ የወረደው ወረቀት የት ገባ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የከተማ ፖሊሲ አውጪዎች በማኅበራዊ ፈጠራ አማካይነት ከካርቦን ገለልተኝነት (ልቀትን ቀንሶ የቀረውን በማካካስ ድምሩን ዜሮ ከማድረግ) እንዲደርሱ ስለሚረዱ የዲዛይን መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት ነበር ያነበብኩት። ደግ ደጉን ብቻ ዘርዝሮ ማለቁ ግን ብዕር አስነሣኝ። መተዳደሪያዬ ይኸው ሥራ ነው፤ ሹማምንትንና ነዋሪዎችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጬ ወረቀት አስለጥፋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ሙያውን ላጣጥል አይደለም።

«መሣሪያ» ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ተራ ወረቀት ነው። አንድ ነዋሪ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚያልፍበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ይሣልበታል፤ ወይም ማን ከማን ጋር ጥቅም እንደሚጋራ፣ ማን እንደሚጎዳ ይሰፍርበታል።

ወረቀቱ የሚበጅበትን ቦታ አውቃለሁ። ሕንፃዎች ሙቀት እንዳያባክኑ ግድግዳና ጣሪያቸውን ማልበስ ምሥጢር ያልሆነ ጥበብ ነው። ሥራው የሚቆመው በሰዎች መካከል ነው። ሠላሳ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ አንዱ ገንዘብ የለውም። አንዲት አሮጊት «ትርፉን ለማየት ዕድሜ አይበቃኝም» ይላሉ። ሌላው አከራይ ነው፤ ወጪው የእርሱ፣ የሚቀንሰው የማሞቂያ ሒሳብ ግን የተከራዩ ስለሆነ ጣቱን አያነሣም። ይህን መሐንዲስ አይፈታውም። የአንዲት ነዋሪን መንገድ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ፊርማ በረጅም ወረቀት ላይ ስንዘረጋው ግን ቋጠሮው የት እንዳለ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ኃላፊ ወረቀቱን ትክ ብሎ አይቶ «ይህንን ቅጽ ሁለት ጊዜ የምንጠይቀው እኛው ነን?» ሲል ሰምቻለሁ። ብድሩን፣ ፈቃዱንና የሥራ ተቋራጩን በአንድ መስኮት የሚያገናኝ ቢሮ፣ ጎረቤታሞች በጋራ የሚበደሩበት ማኅበር የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋጤ ነው። ማኅበራዊ ፈጠራ ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

መሐንዲስ ወዳጆቼ ግን ነገሩን እንደ ጌጥ ያዩታል። ኮፐንሃገንን አስታውሳቸዋለሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2025 ከካርቦን ገለልተኛ ለመሆን አቅዳ ብዙ ርቀት ተጉዛለች። የቀረውን ልቀት ለመሸፈን ግን ከቆሻሻ ማቃጠያው ጣቢያ ካርቦን በሚይዝ ፋብሪካ ላይ ተማመነች። ለዚያ የታሰበው የመንግሥት ገንዘብ ሳይገኝ ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ግቡ በተባለው ዓመት እንደማይደረስበት አስታወቀች። እዚያም ሥራው የቆመው በምሕንድስናው ሳይሆን በገንዘቡ ውሳኔ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። መሣሪያዎቹ በብዛት የሚወጡት ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነዋሪው የሚጠራው የተወሰነውን እንዲያሽሞነሙን ነው። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2016 በፖብለኖው ሰፈር በመንገድ የተለያዩ የሕንፃ ብሎኮችን በአንድ አቅፋ አቋራጭ መኪኖችን ወደ ዙሪያው መንገድ ስታስወጣ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አስፋልቱን በጊዜያዊ ዕቃዎች ሞልተው ሞከሩት። በእውነተኛ መንገድ ላይ መሞከር እኔ ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ብዙ ነዋሪዎች «ማን ጠየቀን?» ብለው ተቃወሙ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ዛፉና የልጆች መጫወቻው ሲገባ ቁጣው በረደ፤ ለለውጡ የሚሟገቱ ነዋሪዎችም ተደራጁ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከተማዋን ያለ ፍላጎቷ ጠብ ውስጥ ከተታት።

የፈረንሳይ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። ጉዳዩ የከተማ ሳይሆን የአገር ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎች እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 ስለ አየር ንብረት መክረው 149 ሐሳቦችን አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ሐሳቦቹ ሳይበረዙ ወደ ሕግ አውጪው ወይም ወደ ሕዝበ ውሳኔ ይሄዳሉ ብለው ነበር። ብዙዎቹ ተበርዘው ወጡ፤ ዜጎቹም በመጨረሻ ለመንግሥት አፈጻጸም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡ። ውይይቱ በሚገባ ተመርቷል፤ የጎደለው ከስብሰባው በር ማዶ ያሉት ወሳኞች ቃላቸውን መጠበቃቸው ነው። በአንጻሩ የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎችን ስትጠራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው የከተማዋን በጀት ነበር። ብር ስላለ ሰዉ መጣ፤ ድሃው ሰፈር ጭምር።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከአባል አገሮች 100፣ ከሌሎች አገሮች 12 ከተሞችን መርጦ በ2030 ከካርቦን ገለልተኛ እንዲሆኑ ሲያነሣሣ ያዘጋጀው የከተማ የአየር ንብረት ውል ከዚህ አንጻር ደስ ይለኛል። ውሉ ቃል ኪዳንን፣ የድርጊት ዕቅድንና የኢንቨስትመንት ዕቅድን አንድ ላይ ይጠይቃል። በፍርድ ቤት የሚያስገድድ አለመሆኑ ድክመቱ ነው። ቢያንስ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያልጻፈ ከተማ ባዶ የተወው ገጽ ያሳጣዋል።

እኔም በምመራቸው ዐውደ ጥናቶች በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሦስት ባዶ ቦታዎች መተው ጀምሬአለሁ፦ የሚወስነው ማን ነው፣ ከየትኛው በጀት፣ መልስ የሚሰጠው በየትኛው ቀን ነው። እነዚህን ለመሙላት ሥልጣን ያለው ሰው ካልተቀመጠ ስብሰባውን ማስተላለፍ ይሻለኛል። በዚህ ምክንያት ሁለት ደንበኞች አጥቻለሁ (አንደኛው በጨዋነት፣ ሌላኛው በስልክ እየጮኸ)።

ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እንዲህ ያለ ዐውደ ጥናት ስትዘግቡ፣ በቀለማት ያሸበረቀውን ግድግዳ ፎቶ አንሥታችሁ አትመለሱ። ከስድስት ወር በኋላ ወደዚያው ቢሮ ሂዱና ወረቀቶቹ የት እንደገቡ ጠይቁ። እኔም ከመራኋቸው ሥራዎች መካከል ለዚህ ጥያቄ መልስ የማልሰጥባቸው አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዐውደ ጥናት አመቻች