የንስሐ አባት ስንት ቤት ይችላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጎንደር የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ሱቅ ኪራይና ስለ ሙዳየ ምጽዋት ነው። አንድ ደብር ስንት ካህናት እንዳሉት ቢጠየቅ ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ ይናገራል። እያንዳንዱ ካህን ስንት የንስሐ ልጆች አሉት፣ ከእነሱ መካከል አልጋ የያዘው ማን ነው፣ ልጁን ሳያስጠምቅ 40 ቀን ያለፈውስ ማን ነው ቢባል ግን የሚመልስ የለም። እረኝነት ማለት ግን ይኸው ነው።

ጎድሎ የተገኘው ትምህርት አይደለም። ጎንደር የአቋቋም (በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበው ዜማ) እና የትርጓሜ (የመጻሕፍት ማብራሪያ) አገር ናት፤ የአቋቋም ትምህርት ቤቱን የጎንደር በዓታን የማያውቅ ደብተራ የለም። ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት የደገመ፣ ዜማ ያጠና፣ 14ቱን ቅዳሴያት የተማረ ካህን መቅደስ ሲገባ አይደናገርም። ቢሳሳትም መሪጌታው ወዲያው ሰምቶ ያርመዋል። የንስሐ ልጁን ዓመት ሙሉ ያልጎበኘ ካህን ስሕተት ግን ለማንም አይሰማም። የሚሰማው ቀብር ላይ ነው፤ «የንስሐ አባቱ ማን ነበሩ?» ተብሎ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲተያይ።

ሥሩ አሮጌ ነው። እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ለአገሩ ሁሉ ክህነት የሚሰጡት ከግብፅ የሚመጡ አቡን ነበሩ፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ብቻ። ዛሬም አቡን ቤት እየተባለ በሚጠራው ሰፈር አቡኑ በተቀመጡበት ዘመን፣ የብዙ ቀን መንገድ ተጉዞ የመጣ ተማሪ «ቆይ ትንሽ ልመርምርህ» ቢባል ወደ አገሩ ተመልሶ እንደገና የሚመጣበት ስንቅ አልነበረውም። ስለዚህ ክህነቱ በጅምላ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በየአካባቢው ጳጳሳት አሉ። ምክንያቱ አልፎ ጥድፊያው ብቻ እስከ ዛሬ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በማንም ላይ ፈጥኖ እጅ እንዳይጭን ጢሞቴዎስን አስጠንቅቆታል (1ኛ ጢሞ. 5፥22)።

ዲቁና በልጅነት የሚሰጥ ስለሆነ ልጁን «ተጠርተሃል ወይ?» ብሎ መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ምርመራው የሚገባው ዲያቆኑ በተክሊል ካገባ በኋላ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ግን በብዙ ቦታ ሳምንታት ብቻ ሆኗል። አንድ ዓመት ይሁን እንላለን። በዚያ ዓመት ዲያቆኑ አንድን አረጋዊ ካህን ተከትሎ የታመመ ይጠይቅ፣ ለቅሶ ይድረስ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲታረቁ ዳር ቁጭ ብሎ ይስማ። ኑዛዜ ሲሆን ይውጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ከመምህሩ የዜማ ምስክርነት ጋር የእኚህ ካህን ምስክርነት አብሮ ለሊቀ ጳጳሱ ይቅረብ። ሚስቲቱም ትጠየቅ። ሌሊት በሩ የሚንኳኳው በእሷም ቤት ነው፤ እሷ ብትሞት እሱ ክህነቱን ይዞ ሌላ ማግባት አይችልም። እስካሁን የእሷን ፈቃድ የሚጠይቅ አላየንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። ለዐቢይ ጾም 8፣ ለፍልሰታ 2 ይቀነስ፤ በእነዚህ ጊዜያት ቅዳሴው የየዕለት ነው፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ቀኑ ያልቃል። 42 ቀረ። ካህናቱ በሦስት ሰሞን ተከፍለው በየሳምንቱ እየተፈራረቁ በሚያገለግሉበት ደብር ካህኑ ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ሰሞነኛ (ተረኛ) ነው፤ ከቤቱም ከምኝታውም ታቅቦ በደብሩ ይውላል ያድራል። ስለዚህ ለጉብኝት የሚተርፈው 28 ሳምንት ነው። በሳምንት 4 ቤት ቢገባ 112 ቤት ይሆናል፤ ያውም እያንዳንዱን በዓመት አንድ ጊዜ። ከ112 ቤት በላይ የያዘ ካህን የቀሩትን በስልክ ብቻ ያውቃቸዋል ማለት ነው። ጥሪ ያለበትን ቤት ቆጥሮ «ጎበኘሁ» የሚል ካለም ያ ድግስ እንጂ ጉብኝት አይደለም።

መዝገቡ ቀላል ነው። አንድ ደብተር፣ ለአንድ ቤት አንድ ገጽ፦ የክርስትና ስም፣ ሰፈርና ስልክ፣ ጋብቻው በተክሊል ነው ወይስ በሌላ፣ ያልተጠመቀ ልጅ (ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን)፣ የታመመ፣ መጨረሻ የተጎበኙበት ቀን። ኃጢአትም ሆነ የተሰጠ ቀኖና ፈጽሞ አይጻፍበትም፤ በምልክትም ቢሆን። ይህ የተጣሰበት ደብተር ቢቃጠል ይሻላል። የታመመ ሰው ስም መጻፉ ጥቅሙ በቀንዲል፣ ካህኑ ጸልዮ የታመመውን ዘይት በሚቀባበት ምስጢር፣ ላይ ይታያል። ቀንዲል የድውያን ምስጢር ሆኖ ሳለ ካህኑ የሚጠራው ሰውየው መናገር ሲያቅተው ነው፤ ቤተሰቡም የሞት ማሰናበቻ አድርጎ ስለሚፈራው ያዘገየዋል።

ትልቁ ክፍተት ርክክብ ነው። ከአራዳ ወደ አዘዞ ወይም ወደ አዳዲሶቹ መንደሮች የሄደው ቤተሰብ የንስሐ አባቱ በቀድሞ ደብራቸው ናቸው፤ የሚገናኙት ለጥምቀት፣ ሲበዛ ለፋሲካ ነው። ካህኑ ሲያርፉ ወይም ሲዛወሩ ደግሞ የንስሐ ልጆቻቸው የማንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ የቤቶቹ ዝርዝር አንድ ቅጂ በደብሩ ስብከተ ወንጌል ክፍል ይቀመጥ፣ ካህኑ ሲለወጥ በ40 ቀን ውስጥ ተተኪ ይመደብ፣ ተተኪውም በየቤቱ ራሱን ያስተዋውቅ። ምእመኑ ሌላ አባት የመምረጥ መብቱ የተጠበቀ ነው።

አስተዳዳሪውስ? በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበካ አስተዳደር ደንብ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አስቀምጧል፤ አስተዳዳሪው ሊቀ መንበር፣ ምክትሉ ከምእመናን ነው። በተግባር ግን አስተዳዳሪው ለኪራይ ክርክርና ለግንባታ ጨረታ ሲመላለስ ይውላል፣ ምክትሉ ደግሞ ፊርማ ሲፈለግ ይጠራል። ሐዋርያት በማዕድ ጉዳይ ሲጨናነቁ ሰባት ሰዎች መርጠው ሥራውን ሰጧቸው (ሐዋ. 6)። ኪራዩንና ግንባታውን ምክትሉና የሒሳብ ክፍሉ ይያዙ፣ አስተዳዳሪው በየወሩ የካህናቱን የጉብኝት ደብተር ይጠይቅ። የደብሩ ሪፖርት ለወረዳ ቤተ ክህነት ሲላክም ገቢው ከተጻፈበት መስመር ከፍ ብሎ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ በዚህ ሩብ ዓመት የተጎበኘ ቤት ስንት ነው?

በአንድ የጎንደር ደብር የሰበካ ጉባኤ አገልጋዮች